ሞተር ሲታደስ ሞኖብሎኩን መቀባት፦ በምን ቀለም፣ መቼ እና እስከ የት?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራ፣ ባለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ። ሞተሩ ዘይት መጨረስ ስለ ጀመረ ወርዶ ተፈታ፤ ሞኖብሎኩም (ሲሊንደሮቹን የያዘው ዋናው የሞተር አካል) ሬቲፊካ፣ ማለትም ያለቀ ሲሊንደር የሚስተካከልበት ወርክሾፕ፣ ገብቶ ሲሊንደሮቹ ተሠርተው ተመልሷል። ውጪው ግን ዝገትና የደረቀ ዘይት ብቻ ስለ ሆነ ከመገጠሙ በፊት ላስቀባው አሰብኩ። መካኒኬ ‹ቀለም ሞተር ያሞቃል፣ ይቅርብህ› ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ እስከ 700 ዲግሪ የሚችለውን የማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) ብርማ ስፕሬይ ግዛ አለኝ። በቪዲዮ ያየሁት አሜሪካዊ ባለሙያ የሞኖብሎኩን ውስጥ ሳይቀር በቀይ ቀለም ሲቀባ ነበር። እኔ እስካሁን በናፍጣ በደንብ አሳጥቤዋለሁ። የቱን ልከተል? ቀለሙስ በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) ዙሪያ የሚያልበውን ዘይት ይይዝልኛል?»

ምላሽ፦

ሞኖብሎኩን ይቀቡት፤ ነገር ግን ውጪውን ብቻ፣ ለሞተር ተብሎ በተሠራ ቀለም፣ አሁን ካለበት በእጅጉ በላቀ ንጽሕና ላይ። በናፍጣ የታጠበ ብረት ቀለም ለመቀበል ዝግጁ አይደለም፤ ከሬቲፊካ የወጣ ሲሊንደርም በናፍጣ ስለ ታጠበ ብቻ ፒስተን ለመቀበል ዝግጁ አይሆንም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ አሳሳቢ ስለ ሆነ ወደ በኋላ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። የተሰጡዎት ሦስት ምክሮች ሦስቱም አይሆኑዎትም፤ የማይሆኑበት ምክንያት ግን ስለሚለያይ እያንዳንዱን ለብቻው ማየት ይገባል።

በመካኒክዎ ሥጋት እንጀምር። ቀለም ሙቀትን በመጠኑ የሚያግድ ነገር መሆኑ እውነት ነው፤ ዋናው ነገር መጠኑ ነው። በሥርዓት የተቀባ የሞተር ቀለም ሲደርቅ ከ50 እስከ 75 ማይክሮን ይወፍራል፤ ይህም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ያነሰ ነው። ሙቀት ከብረቱ ወጥቶ በኮፈን ሥር ወደሚዘዋወረው አየር ሲሻገር የሚገጥመው ዋናው እንቅፋት የአየሩ ራሱ ሙቀት የመቀበል ድክመት ነው፤ ከጠቅላላው እንቅፋት ውስጥ የእንዲህ ያለ ስስ ቀለም ድርሻ ሲሰላ ከ2 በመቶ አይበልጥም። በአንጻሩ በሞተርዎ ጎን ላይ ተጋግሮ የነበረው ዘይትና አቧራ 3 ሚሊሜትር ቢሆን እንኳ ውፍረቱ የቀለሙን 40 እጥፍ ነው፤ ሙቀት በማስተላለፍም ከቀለም አይሻልም። ስለዚህ ታጥቦ በስሱ የተቀባ ሞኖብሎክ ሳይታጠብ ካልተቀባው ይልቅ ሙቀቱን በቀላሉ ያወጣል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን ግራጫ በሙቀት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አያመጣም።

ከዚህም በላይ ሞተር ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በጎኑ አይደለም። ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት በግምት ሲሶው በጭስ በኩል ይወጣል፣ ሲሶ የሚጠጋው ደግሞ በውሃው ተይዞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ስለዚህ የታደሰ ሞተር ከሞቀ ምክንያቱ የሚፈለገው በውሃ መተላለፊያዎቹ ውስጥ በተቀመጠ ደለልና ዝገት፣ በተደፈነ ራዲያተር፣ በደከመ የውሃ ፖምፓ ወይም «ይሞቃል» ተብሎ ወጥቶ በተጣለ ቴርሞስታት ዘንድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ክፍት ውሃ በከተማዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ጤነኛ ሞተርም ሊያፈላ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቀለሙን መውቀስ ችግሩን ካለበት ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ሞኖብሎኩ ባዶውን ሳለ የውሃ ታፖዎቹን (የውሃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑትን ክብ የብረት ክዳኖች) አስወልቀው በየቀዳዳው የተከማቸውን ቀይ ጭቃ በሽቦና በውሃ ግፊት ማስወጣት ለሙቀቱ ከየትኛውም የቀለም ምርጫ የበለጠ ይጠቅማል። ታፖዎቹም በአዲስ ይተኩ፤ ከጀርባቸው እየሳሱ ስለሚሄዱ ከውጭ ደኅና መስለው ሳለ በኋላ ይፈስሳሉ።

ሁለተኛው ምክር የማርሚታ ቀለም ነው። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ቀለም ለሁሉም ቦታ ይበልጣል ማለት ስሕተት ነው። የሞኖብሎክ ውጫዊ ገጽ በተለመደ ሥራ ላይ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ለሞተር የሚሸጡ ቀለሞች ደግሞ በብዛት እስከ 260 ዲግሪ የሚችሉ በመሆናቸው ከበቂ በላይ ናቸው። እስከ 650 ወይም 700 ዲግሪ የሚችለው ቀለም በሲሊኮን ሙጫ ላይ የተመሠረተ ሲሆን እንዲጠነክር ደረጃ በደረጃ መጋገር አለበት፤ የተለመደው አሠራር መጀመሪያ ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 200፣ በመጨረሻም ወደ 315 ዲግሪ አድርሶ በየመካከሉ ማቀዝቀዝ ነው። ማርሚታ ይህን ሙቀት ራሱ ስለሚያመነጭ ቀለሙ በላዩ ላይ ይበስላል። ሞኖብሎክ ግን እዚያ የሙቀት ደረጃ ላይ በጭራሽ አይደርስም፤ ስለዚህ ቀለሙ እንደ ለሰለሰ ይቀራል። በጥፍር ይፋቃል፣ ናፍጣ ሲነካው ይለቃል፣ ዘይት ሲያርፍበት ይጠቁራል። ያን ስፕሬይ ከገዙት የጭስ ማኒፎልዱን ይቀቡበት፤ በዚያ ደግሞ የሞተር ቀለሙ ተቃጥሎ ስለሚላጥ ሁለቱን ማለዋወጥ አይቻልም።

ሦስተኛው፣ ውስጡን መቀባት፣ በአሜሪካ የእሽቅድምድም ሞተር ሠሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ለኤሌክትሪክ ሞተር ጥቅልል መሸፈኛነት የተሠራውን ቀይ ቀለም በሞኖብሎኩ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይቀቡታል። ዓላማቸው ሸካራውን ግድግዳ አለስልሶ ዘይቱ በፍጥነት ወደ ኮፓ እንዲወርድ ማድረግና በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረን የቅርጽ አሸዋ (ብረቱ ቀልጦ ከፈሰሰበት ሻጋታ የቀረ አሸዋ) ማሸግ ነበር። እነዚያ ሠሪዎች አዲስ ወይም በልዩ መታጠቢያ ለሰዓታት የተነከረ ብረት ላይ ይሠራሉ፤ ሞተሩንም ቶሎ ቶሎ ይፈቱታል። የእርስዎ ሞኖብሎክ ለብዙ ዓመታት የናፍጣ ጥላሸት ያዘለ ዘይት የጠጣ ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ነው። ጊዛ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ብረት በመሆኑ ያን ዘይት ሙሉ በሙሉ አውጥቶ መጨረስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ውጪ ላይ የተላጠ ቀለም መሬት ላይ ይወድቃል፤ ውስጥ የተላጠ ቀለም ግን ወደ ኮፓው ወርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፣ ዘይት ያጣ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት መቀመጫ) ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላል። በዚህ ጉዳይ ላይ አማራጭ አላቀርብም፦ ውስጡን አይቀቡ።

ወደ ኮፓው ላብ ስንመጣ ቀለም የዘይት ፍሳሽ አይዘጋም። በመጋጠሚያ ላይ የተቀባ ቀለም ከሥሩ ዘይት ሲደርሰው ያብጥና ይሰነጠቃል። በሞተርዎ ላይ ላቡ የመጣበት ምክንያት ከዘይት መጨረሱ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል፦ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ሲያልቅ የቃጠሎው ግፊት ወደ ታች እየሾለከ በኮፓው ውስጥ ይከማቻል፣ ዘይቱንም በየመጋጠሚያው ይገፋዋል። አዲስ ፋሻ ከገባና የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ከተጸዳ በኋላ ይህ ግፊት ይቀንሳል። የቀረውን የሚወስነው የኮፓው ከንፈር ነው፤ ቡሎኖቹ ለዓመታት ከመጠን በላይ እየጠበቁ በየቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ ጎብጦ ከሆነ በጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጦ በቀስታ በመዶሻ ማቃናት፣ የቆየውን ሲሊኮን ፍቆ ማንሣትና በአዲስ መዝጋት ያስፈልጋል። በዚሁ ረገድ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስንጥቅ ያለበት ሞኖብሎክ ከተቀባ በኋላ ስንጥቁ ለዓይን ይጠፋል፤ ስለዚህ በግፊትና ስንጥቅ በሚያሳይ ፈሳሽ መመርመር ካለበት ምርመራው ከቀለሙ ይቀድማል። ያገለገለ ሞተር የሚገዙ አንባቢዎችም ሳይታጠብ በወፍራሙ የተቀባ ሞኖብሎክ ሲያዩ ቀለሙ ምን እንደ ሸፈነ መጠየቅ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ንጽሕናው እንግባ፤ የሥራው አብዛኛው ክፍል ይህ ነው፣ ብዙ ጋራዦችም በጥድፊያ የሚያልፉት ይህንኑ ነው። ናፍጣ የተጋገረውን ዘይት ለማላቀቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከደረቀ በኋላ በብረቱ ላይ በዓይን የማይታይ ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ቀለምም በቅባት ላይ አይጣበቅም። ቤንዚንም ያንኑ ጥቂት ቅባት ከመተዉ በላይ በጋራዥ ውስጥ ከብየዳና ከመቁረጫ ብልጭታ አጠገብ የሚያስከትለው የእሳት አደጋ ግልጽ ነው። ከናፍጣው በኋላ ሞኖብሎኩ በሙቅ ውሃና በልብስ ማጠቢያ ዱቄት፣ በጠንካራ ብሩሽ፣ ደጋግሞ መታጠብ አለበት።

ይህ የሳሙና እጥበት ለቀለሙ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ሲሊንደሮቹ ሲሠሩ የመፍጫው ድንጋይ የለቀቀው ደቃቅ ዱቄት በሲሊንደሩ የጭረት መስመሮች ውስጥ ይቀበራል፤ ናፍጣና ቤንዚን ዘይቱን አሟሙተው ዱቄቱን እዚያው ይተዉታል፣ የሚያነሣው የሳሙና አረፋና የብሩሽ ግፊት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በአዲስ የሞተር ዘይት ነክረው የሲሊንደሩን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ግራጫ ምልክት ከታየ ዱቄቱ አልወጣም ማለት ነውና እንደገና ይታጠብ፤ ጨርቁ ነጭነቱን ይዞ እስኪወጣ ድረስ አይገጠምም። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን ታፖዎችም አስወልቀው በረጅም ብሩሽ እንዲታጠቡና በኮምፕሬሰር አየር እንዲነፉ ያድርጉ። የታጠበ ጊዛ ውሃው ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ዝገት ስለሚያወጣ፣ አንድ ሰው አየር እየነፋ ሌላው ወዲያውኑ የተሠሩትን ገጾች ማለትም ሲሊንደሮቹን፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) የሚያርፍበትን ገጽና የኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዘንግ) መቀመጫዎች በዘይት ቢቀባ የተሻለ ነው። ያ ዘይት ግን ወደሚቀባው ውጫዊ ገጽ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ።

የውጪውን ዝገት ማንሣት ከዚህ እጥበት መቅደም አለበት። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት የሚሠራ የእጅ ሥራ ይበቃል፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው ይሠራ፣ ከዚያ ይታጠብ። አሸዋ ማስነፋት ፈጣንና ውብ ውጤት ይሰጣል፤ ሆኖም ሬቲፊካ ለጨረሰ ሞኖብሎክ አልመክረውም። አንዲት የአሸዋ ፍሬ በዘይት ቀዳዳ መታጠፊያ ላይ ተደብቃ ብትቀር በመጀመሪያው ማስነሣት ከዘይቱ ጋር ወደ ብሮንዚን ትሄዳለች፤ የአሸዋው ብናኝም ለሚሠራው ሰው ሳንባ ጎጂ ነው። በሽንት ቤት ማጽጃነት የሚሸጠውን አሲድ መጠቀምም እንዲሁ መጥፎ ልማድ ነው። ዝገቱን ያነሣል፤ ነገር ግን በጊዛው ቀዳዳዎች ውስጥ የሚቀረው ቅሪት ከቀለሙ ሥር ዝገቱን መልሶ ይቀሰቅሳል። ኮስቲክ ሶዳ በፈላ ውሃ ለጊዛ ይሆናል፣ አልሙኒየምን ግን ይበላል፤ ስለዚህ ከአልሙኒየም የተሠራ ቴስታታ፣ ክዳን ወይም የፖምፓ አካል በዚያ በርሜል ውስጥ አብሮ አይገባም።

ብረቱ ለቀለም መዘጋጀቱን ለማወቅ በጎኑ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ያፍስሱ። ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ ስስ መጋረጃ ከተዘረጋ ገጹ ንጹሕ ነው፤ ወደ ጠብታዎች ከተሰበሰበ ቅባት አለ። ከዚያም የሞቀ አየር በሚነፋ መሣሪያ ብረቱን እጅ ለመንካት እስኪያስቸግር ድረስ ያሙቁት። አሮጌ ጊዛ በዚህ ጊዜ፣ በተለይ በቡሎን ቀዳዳዎችና በጎድጓዳ ስፍራዎች ዙሪያ፣ ቡናማ ዘይት እንደ ላብ ያወጣል። ሲቀዘቅዝ በቲነር በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉትና እንደገና ያሙቁት፤ ላቡ ሲቆም ቀለሙ የሚይዘው መሠረት አግኝቷል ማለት ነው። የመጨረሻው መጥረጊያ ጨርቅ በየጊዜው የሚቀየር ይሁን፤ በአንድ ጨርቅ ሁሉንም መጥረግ ቅባቱን ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወር ነው።

መቼ ይቀባ ለሚለው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ባዶውን ሞኖብሎክ ከመገጠሙ በፊት መቀባት ነው፤ ቀለሙ በየጥጋጥጉ ይደርሳል፣ መጋጠሚያና ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) አይነካም። ሁለተኛው ኮሎው፣ ፒስተኖቹ፣ ኮፓው፣ ቴስታታውና የታይሚንግ ክዳኑ ከተገጠሙ በኋላ፣ ዲናሞ፣ ሞቶሪኖ (የሞተር ማስነሻ) እና ቱቦዎች ከመታሰራቸው በፊት መቀባት ነው። ለእርስዎ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ባዶ ሞኖብሎክ ለመድረቅ ሲጠብቅ ሲሊንደሮቹ ክፍት ናቸው፤ አጠገቡ ላሜራ የሚፈጭበትና አሸዋ የሚጠረግበት ጋራዥ ደግሞ ክፍት ሲሊንደር የሚያድርበት ስፍራ አይደለም። የተዘጋ ሞተር ላይ የሚደፈኑት ቀዳዳዎች ጥቂትና ትልልቅ በመሆናቸው ሥራውም ይቀላል። ጉድለቱ ሁለት ነው። በመግጠሙ ጊዜ የተነካካው ውጫዊ ገጽ እንደገና በቲነር መጠረግ አለበት፤ በተጨማሪም ቀለሙ መጋጠሚያዎችን ተሻግሮ ስለሚይዝ ወደፊት ቴስታታው ወይም ኮፓው ሲፈታ አስቀድሞ በስለት መስመሩን መቁረጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቀለሙ እየተቀደደ ይነሣል።

ከመቀባቱ በፊት የሚሸፈነው ነገር ከሚቀባው ያላነሰ ትኩረት ይፈልጋል። ቀዳሚው የሞተር ቁጥሩ ነው። በሊብሬው ላይ ከተመዘገበው ጋር ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ሆነ ለስም ዝውውር የሚመሳከረው ይህ ቁጥር ስለ ሆነ በመፍጫ አይነካ፣ በወፍራም ቀለምም አይደፈን፤ በእጅ ብሩሽ ብቻ ጸድቶ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፣ በመጨረሻም ስስ ግሪስ ይቀባ። የማሳ (የባትሪው ኔጋቲቭ) ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ብረት ሆኖ ይቆይ፤ ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሞቶሪኖው ሲደክም ወይም የሙቀት መለኪያው የተሳሳተ ቁጥር ሲያሳይ መንስኤው ይህ ሆኖ ይገኛል። ካምቢዮ የሚጋጠምበት ገጽ፣ የሞተር ጎማ እግሮች የሚታሰሩበት መቀመጫ፣ የዳሳሾችና የዘይት ማፍሰሻው ጥርሶች፣ ፓራኦሊዮዎች (የዘይት ማገጃ ጎማዎች)፣ ቀበቶ የሚሄድባቸው መንኮራኩሮችና የናፍጣ ፖምፓው ሳይቀቡ ይቆያሉ። ኃይል በሚሸከም ቡሎን ራስ ሥር ቀለም መኖር የለበትም፤ ሲሞቅ እየተጨመቀ ስለሚሳሳ በትክክለኛ ልክ የተጠበቀው ቡሎን ከጊዜ በኋላ ይላላል። ከአልሙኒየም የተሠራውን ክፍል እንዳለ እንዲተዉት እመክራለሁ። አልሙኒየም እንደ ጊዛ ዝገት አይበላውም፤ የሚይዝ ፕራይመር ከሌለው ደግሞ ቀለሙ በቅርፊት ቅርፊት ይነሣበታል።

በቀለም ዓይነት ረገድ የመጀመሪያ ምርጫዬ «የሞተር ኢናሜል» ተብሎ የሚሸጠው ስፕሬይ ወይም የቆርቆሮ ቀለም ነው። ባለ ሁለት ክፍል የመኪና ቀለም፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው፣ በሞኖብሎክ ሙቀት ላይ በሚገባ ይቆያል፣ ናፍጣና ዘይትንም ከኢናሜሉ በተሻለ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የመተንፈሻ አካልን ክፉኛ ስለሚጎዳ ተገቢው መከላከያ በሌለበት ስፍራ እንዲረጭ አልመክርም። ላሜራ ቤት በብዛት የሚገኘው ናይትሮ ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ ያጓጓል፤ ነዳጅ ሲነካው ግን ይሟሟል፣ በሙቀትም ይሰነጣጠቃል። የበርና የመስኮት ዘይት ቀለም ይለሰልሳል፣ ቀለሙንም ይቀይራል። በምድጃ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ደግሞ ከ180 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግና በጊዛው ውስጥ የቀረው ዘይት በዚያ ሙቀት አረፋ ስለሚፈጥር ለአሮጌ ሞኖብሎክ አይስማማም። ዝገት የቦረቦረው ገጽ ካለ ከቀለሙ ሥር ከዚያው አምራች የሆነና ሙቀት የሚችል አንድ ስስ ዙር ፕራይመር ይግባ፤ ጉድጓዱን በላሜራ ስቱኮ ለመሙላት ግን አይሞክሩ፣ ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ለመልኩ ቀላል ግራጫ ይምረጡ። ጥቁር ቀለም ቆሻሻን እንደሚደብቅ ሁሉ አዲስ የዘይት ፍሳሽንም ይደብቃል፤ በግራጫ ላይ ግን የመጀመሪያዋ ጠብታ ከየት እንደ ተነሣች በግልጽ ይታያል። ሞተር ከሚቀባባቸው ጥቅሞች ሁሉ ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያገለግለው ይህ ነው።

አቀባቡ ጥድፊያ አይወድም። በክረምት የሚሠሩ ከሆነ ዝናብ የሌለበትን እኩለ ቀን ይጠብቁ፤ ቀዝቃዛ ብረት ላይ የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ስለሚቀመጥ ቀለሙ ይነጣል፣ መያዙም ይቀንሳል። ብረቱን በሞቀ አየር ለብ አድርጎ መቀባት ይህን ያስቀራል። የመጀመሪያው ዙር ብረቱን ሙሉ በሙሉ የማይሸፍን ጭጋግ ያህል ይሁን፤ ከዚያ በየ10 ደቂቃው ልዩነት ሁለት ስስ ዙሮች ይጨመሩ። በአንድ ጊዜ ለመሸፈን መቸኮል ቀለሙን ያንጠባጥበዋል፤ ወፍራም ቀለም ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ስለሚቀር በሙቀት ያብጣል። ብዙዎቹ የሞተር ስፕሬዮች ተጨማሪ ዙር የሚቀበሉት በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይም ከሰባት ቀን በኋላ ነው፤ በመካከሉ የተረጨ ዙር የታችኛውን አኮማትሮ ያነሣዋል። ስለዚህ የጣሳውን ጽሑፍ አስቀድመው ያንብቡ፣ በማግስቱም «አንድ ዙር ልጨምርበት» የሚለውን አሳብ ይተዉት። የሚረጨው ሰው ከሰል ያለበት የትንፋሽ መከላከያ ማድረግ አለበት፤ የጨርቅ ጭምብል የቲነር እንፋሎትን አያስቀርም። ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፤ በአቅራቢያውም ብየዳ፣ ሲጋራ ወይም የከሰል ምድጃ አይኑር።

ቀለሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእጅ ይደርቃል፤ ናፍጣ የመቋቋም አቅም የሚያገኘው ግን ወይ ከአንድ ሳምንት ቆይታ በኋላ ወይም በ93 ዲግሪ አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል ሲሞቅ ነው። የሞተሩ የመጀመሪያ ሥራ ይህን ሙቀት ራሱ ይሰጠዋል። የናፍጣ ቱቦዎቹ ሲታሰሩና አየር ሲወጣላቸው ያልጠነከረው ቀለም ላይ ናፍጣ እንዳይረጭ ጨርቅ ይዘርጉ፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ የጠነከረውንም ቀለም ስለሚያነሣ ከነካው ወዲያው በውሃ ይታጠብ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣ ከጎኑ ቀጭን ጭስና የቀለም ሽታ ይወጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ሞተሩን ለማጥፋትም ምክንያት አይሆንም። የጭሱ ምንጭ ማርሚታው ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ከሆነ ግን ጭሱ ከአንድ ቦታ ብቻ ይነሣል፣ ሞተሩ በሞቀ ቁጥርም ይመለሳል።

ለሞተር የሚሆነውን ቀለም ካላገኙ ወይም ንጽሕናውን በተባለው መጠን ለማድረስ ጊዜ ካጠረዎት ሳይቀባ ይገጠም። ያልተቀባ ጊዛ ከላዩ ቢዝግም ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ ዛሬም ሞኖብሎካቸውን ሳይቀቡ የሚያወጡ አምራቾች አሉ። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለሳሙና እጥበቱ፣ ለዘይት ቀዳዳዎቹ ብሩሽና ለአዲስ የውሃ ታፖዎች ይዋል። ሁለቱንም ከቻሉ ከቀለሙ ጥቂት በጠርሙስ አስቀርተው ያስቀምጡ፤ ከመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ሲቀየር የኮፓውንና የክዳኖቹን ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ጠርገው ይመርምሩ፣ ቁልፍ የፋቃቸውን ቦታዎችም በቲነር አጽድተው በትንሽ ብሩሽ ይንኳቸው።